ከ26ቱ 16ቱ የኛ ነው፦ ለስፖርት ቴሌቪዥን አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለኮሌጅ ፉትቦል የቴሌቪዥን አዘጋጆች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አንዲት ቪዲዮ ከመነሻዋ ጀምሮ እንድትታይ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አማርኛ እንደማታነቡ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ሁለቴ ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የመጣልኝ "ስለጻፉልን እናመሰግናለን" የሚል የማሽን መልስ ነው። መልስ ላይገኝ ነገር በቋንቋዬ ብናደድ ይሻለኛል ብዬ ነው ወደዚህ የዞርኩት። ቢያንስ ሐበሻ ያነበዋል። ከእናንተም መሥሪያ ቤት አንድ ሐበሻ አይጠፋም። ካሜራ ባይዝ በር ላይ ይኖራል። እሱ ይንገራችሁ።

ነገሩ ስለ አንድ ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2018። በእኛ ታኅሣሥ 30 ቀን 2010፣ የገና ማግስት። ቦታው አትላንታ፣ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲና የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለኮሌጅ ፉትቦል፣ ለዚያ ኳሷ በእጅ ለምትወረወርበት የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ብሔራዊ ሻምፒዮና ተገናኙ። አላባማ 26፣ ጆርጂያ 23፣ በተጨማሪ ሰዓት።

ውጤቱ ላይ ክርክር የለኝም። ተሸንፈናል። ክርክሬ በምታሳዩአት ቪዲዮ ላይ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች በተገናኙ ቁጥር ያቺን ቪዲዮ ታመጣላችሁ። አንድ ግራኝ ልጅ ኳስ ይቀበላል። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። ከዚያ በግራ በኩል አርቆ ይወረውራል። አንድ ቀጭን ልጅ የኛን ተከላካይ አልፎ ይቀበላታል። አለቀ። ቀይ ማልያ የለበሰው ልጃችን ከኋላ እየሮጠ ይታያል። እዚያ ላይ ፍጥነቱን ትቀንሱታላችሁ። ፊቱ በደንብ እንዲታይ ይመስለኛል።

"ሁለተኛና 26" ብላችሁ ስም አውጥታችሁላታል። ቲሸርት ላይ ሁሉ ታትሟል።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔም ይህን ያወቅኩት ከልጄ ነው። በዚህ ጨዋታ ኳስ የያዘ ቡድን አራት ዕድል አለው። በአራቱ ዕድል አስር ያርድ መሄድ አለበት። አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። አስሩን ከሄደ ሌላ አራት ዕድል ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚጀምረው "አንደኛና 10" ተብሎ ነው። "ሁለተኛና 26" ማለት አንዱ ዕድል ተቃጥሏል፣ የሚቀረው መንገድ ደግሞ 26 ያርድ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጉዞው ሁልጊዜ ከአስር የሚጀምር ከሆነ ያ 26 ከየት መጣ?

ቆዩ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እኔ የት እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ፓርኪንግ እሠራለሁ። ያን ጊዜም እዚያው ነበርኩ፣ ከስታዲየሙ በእግር የሚደረስ አንድ ሕንፃ ሥር። ትኬት አልነበረኝም። የዚያን ለት ትኬት በሺህ ዶላር ነው የሚቆጠረው፣ ማን ይደፍረዋል? ዝናብ ነበር። የአትላንታ ዝናብ ሲፈልግ አጥንት ይገባል። ፕሬዚዳንቱም ጨዋታውን ሊያዩ ስለመጡ መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። ሰዉ ፍተሻ ለማለፍ ሰልፉ ላይ በዝናብ እየተደበደበ ቆሟል። እኔ ቡዟ፣ የጠባቂዋ ጎጆ፣ ውስጥ እግሬ ሥር ማሞቂያ፣ ጎኔ ሬዲዮ፣ ስልኬ መስኮቱ ላይ። ባለቤቴ የገናን ዶሮ በፔርሙዝ ቋጥራልኛለች። እንጀራው ለብቻው በላስቲክ። ከቦታዬ ሳስበው ካሉት ሰባ ሰባት ሺህ ተመልካቾች ይልቅ የተመቸኝ እኔ ነበርኩ።

ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው። የሁለቱም ቡድን ደጋፊ ቀይ ይለብሳል። የአላባማው ጠቆር ይላል ይላሉ፣ በዝናብና በፓርኪንግ መብራት ግን ቀይ ቀይ ነው። የምለያቸው በድምፃቸው ነው። አላባማዎቹ "ሮል ታይድ" ይላሉ። የኛዎቹ ይጮኻሉ። እንደ ውሻ ማለቴ ነው፣ ቡድኑ ቡልዶግ ስለሆነ። ሽማግሌ ሳይቀር፣ ከረባት ያሰረ ሰው ሳይቀር፣ ከሊፍት ሲወርድ "ዉፍ! ዉፍ! ዉፍ!" ይላል። መጀመሪያ ዓመት ሥራ ስገባ ውሻ አምልጦ የገባ መስሎኝ በባትሪ ፈልጌያለሁ።

ልጄ ያን ጊዜ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ፣ ወደ አቴንስ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሆፕ ስኮላርሺፕ ነው ያስገባው። ሐበሻ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከስቴቱ ሎተሪ የሚመጣው ገንዘብ። እኔ ሎተሪ ቆርጬ አላውቅም፣ የቆረጡት ሰዎች ግን ልጄን አስተምረውልኛል። ለገና ቤት መጥቶ ነበር። የሰፈራችንን የክላርክስተንን ጓደኞቹን ሰብስቦ ሳሎናችን ውስጥ ያያል። እኔ ከቡዝ፣ እሱ ከሳሎን፣ በየማስታወቂያው እንደዋወላለን።

እናንተ የምታሳዩት ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው። ከዚያ በፊት ግን አራት ሰዓት የሚጠጋ ነገር ነበር። ትንሹን ብቻ ላስታውሳችሁ።

እረፍት ላይ ጆርጂያ 13፣ አላባማ ዜሮ። ልክ ሊያርፉ ሰባት ሰከንድ ሲቀር ነው የኛው ሚኮል ሃርድማን ያገባው። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴበን ሁለት ዓመት ሙሉ ቡድኑን የመራውን ጄለን ኸርትስን አስቀመጡት። በምትኩ ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል የሃዋይ ልጅ አስገቡ። አዲስ ገቢ ተማሪ ነው። ለሻምፒዮና አጋማሽ እንዲህ ያለ ቁማር! በዚያ ዓመት ሴበን ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተከፈሉት። እንዲህ የሚደፍር ሰው ይገባዋል ብል ልጄ ይጣላኛል።

በሦስተኛው ሩብ ሃርድማን እንደገና 80 ያርድ ሄዶ አገባ። 20 ለ 7። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ድምፁ ሊዘጋ ደረሰ። ልጄ ደወለና "አባዬ፣ ከ1980 ወዲህ እኮ ነው!" አለኝ። እስከዚያ ምሽት ጆርጂያ ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። እሱ አልተወለደም። እኔም ያኔ አሜሪካ የሚባለውን በካርታ ነው የማውቀው። ግን "37 ዓመት ጠበቅን" ይላል፣ አፉን ሞልቶ። ደጋፊነት እንደዚህ ነው፣ ያልኖርከውን ዓመት ይቆጥርልሃል።

ከዚያ እየቀነሰ መጣ። ዝርዝሩን አልወደውም። ሦስት ነጥብ፣ ሌላ ሦስት ነጥብ፣ አራት ደቂቃ የማይሞላ ሲቀር ደግሞ በአራተኛ ዕድል ካልቪን ሪድሊ አገባ። 20 ለ 20።

በመሃል ግን አንድ ባንዲራ አለ። በዚያው በሦስተኛው ሩብ አላባማ ኳሷን በእግር ሊያርቅ ሲል የኛው ታይለር ሲሞንስ ተወርውሮ አገዳት። ትልቅ ነገር ነበር። ኳሷ ለኛ ልትሆን፣ ያውም ከነሱ ጎል አጠገብ። ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ጣለ። ኦፍሳይድ፣ ልጁ ኳሷ ሳትነሳ ተንቀሳቅሷል ተባለ። ተሰረዘ። በኋላ ቪዲዮው ሲታይ አልተንቀሳቀሰም። ኳሷ እኩል ነው የተነሳችው። በደንቡ ግን ይህ በቪዲዮ ተመልሶ የሚታይ ጉዳይ አልነበረም። እሺ፣ ዳኛም ሰው ነው። ሌላው ቀርቶ ያቺን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አሳያችሁን ብባል በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሳለሁ። "ሁለተኛና 26"ን ለመቁጠር የመንደሩ ሰው ጣት አይበቃም።

የሰዓቱ መጨረሻ ላይ አላባማ በ36 ያርድ ኳሷን በእግር ቢያገባ አበቃልን ነበር። ልጁ ሳተ። እኔ ቡዝ ውስጥ ተነስቼ ጭንቅላቴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁ። ጠባሳ የለውም፣ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ተጨማሪ ሰዓቱ እንምጣ። ጥያቄዬ እዚህ ነው።

በኮሌጅ ፉትቦል ተጨማሪ ሰዓት ላይ ሰዓት የለም። ሁለቱም ቡድን በተራ ከ25 ያርድ ላይ ኳስ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ጆርጂያ ተሰጠው። ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ኋላ ተገፋ። ያን ጊዜ ሮድሪጎ ብላንከንሺፕ ገባ። ይህን ልጅ ካላያችሁት አጥታችኋል። ትልልቅ ጥቁር ጠርዝ ያለው መነጽር ከሄልሜቱ ሥር ያደርጋል። የሒሳብ አስተማሪ ይመስላል። ከ51 ያርድ መታት። ገባች። 23 ለ 20።

ተራው የአላባማ ሆነ። 25 ያርድ ላይ፣ አንደኛና 10። ቱዋ ኳሷን ያዘ። የሚወረውርለት ሰው ፈለገ። አጣ። ወደ ኋላ ሸሸ። እንደገና ሸሸ። የኛዎቹ ዴቪን ቤላሚና ጆናታን ሌድቤተር ደረሱበትና ከመሬት ጋር አጣበቁት። 16 ያርድ ወደ ኋላ!

አያችሁ? አስርና አስራ ስድስት፣ ሃያ ስድስት። 26ቱ ከሰማይ አልወረደም። ከ26ቱ 16ቱ የኛ ልጆች ሥራ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ሲገፉና ሲገፉ የዋሉ ልጆች፣ እግራቸው በተያዘበት ሰዓት፣ ሊያልቅ ሲል፣ አንዱን ግራኝ አሳደው 16 ያርድ ወሰዱበት። ከዚያ በኋላ የተወረወረችው 41 ያርድም ያው ናት። 25ና 16። ስሟን ያወጣንላት እኛ ነን። እናንተ ግን ቪዲዮዋን የምትጀምሩት እነሱ ከመሬት ተነስተው ከሄዱ በኋላ ነው።

ያቺ ቅጽበት ምን እንደምትመስል ልንገራችሁ። አላባማ አሁን ኳሷን በእግር ልምታ ቢል 58 ያርድ ገደማ ነው። 36ቱን የሳተ ልጅ ነው ያላቸው። አለቀላቸው! ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነው። ቃል አይወጣውም። ከኋላው ሳሎኔ ውስጥ የክላርክስተን ሐበሻና ሶማሌና በርማ ልጆች አንድ ላይ እንደ ውሻ ይጮኻሉ። ባለቤቴ "ኧረ ጎረቤት!" ትላለች። ተረታችን "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይላል። እኛ ግን ጅቡ ሳይሄድ ነው የጮኽነው።

የስልኬ ምስል ከሬዲዮው ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ ነው። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ጸጥ አለ። ስልኬ ላይ ግን ልጁ ገና ኳሷን አልተቀበለም። ሁለቱ ቡድኖች ገና እየተሰለፉ ነው። የሚሆነውን አውቄ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንደዚያ ዓይነት ነገር አይድረስባችሁ። ልጄም መስመር ላይ ነበር። "አባዬ?" አለ። ሌላ ነገር አላለም። ዘጋው።

እናትየው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብላ ልታረጋጋው ሞከረች አሉ። "ማሚ፣ ይሄ ገና አይደለም" አላት። መሆኑስ በማግስቱ ነበር።

ሌሊት ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰው መመለስ ጀመረ። አላባማዎቹ እየዘፈኑ። የኛዎቹ ዝም ብለው። የሚጮህ ውሻ የለም። አንድ ፒክአፕ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀረ። ሁሉም ወጥቶ እሱ ብቻ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ወጣሁ። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል። ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ የቡልዶግ ኮፍያ እንዳደረገ ተኝቷል። የሰውየው የዝናብ ልብስ አሁንም ይንጠባጠባል፣ ወንበሩ ርሷል። መስኮቱን አወረደና "ስንት ነው ያለብኝ?" አለኝ። ሲገቡ ነው የሚከፈለው።

"ከፍለሃል እኮ" አልኩት።

"አዎ፣ ከፍያለሁ" አለ። ሞተሩን አስነሳ።

አዘጋጆች ሆይ፣ ቅሬታዬ ይህ ነው። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የሚታየው ተከላካይ ስሙን አልጠራውም። እናንተ ጠርታችሁታል፣ ይበቃዋል። ተማሪ ነው። ያን ጊዜ የትምህርት ክፍያና ማደሪያ ካልሆነ ደሞዝ የለውም። ልጆቹ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ2021 ክረምት ነው። ለእናንተ ግን ያች ቪዲዮ ከዚያ ሌሊት ጀምራ ማስታወቂያ ታመጣለች። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሰባ ሰማንያ ጊዜ ትክክል ሠርቶ አንዴ ከኋላ ቀረ። የዚያን አንዷን ሕይወቱን ሙሉ ታሳዩታላችሁ፣ ያውም ፍጥነቱን ቀንሳችሁ። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ አንዴ የሰው መርሴዲስ መስታወት ሰብሬያለሁ። በየዓመቱ በቴሌቪዥን ቢያሳዩኝ ከአትላንታ እወጣ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። የናይጄሪያውን ጨዋታ አስታውሱ። ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ አዲስ አበባ፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ። በኃይሉ አሰፋ አገባልን። ከዚያ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። ደቂቃው ዘጠና ላይ ሲደርስ ፍጹም ቅጣት ምት። 2 ለ 1። ያንን ጨዋታ ስናወራ ምን እናወራለን? ቅጣቷን ነው። ብራዚል ለመሄድ ሁለት ጨዋታ ቀርቶን እንደነበር፣ እዚያ ለመድረስ እነማንን እንዳለፍን፣ ያን ማን ያወራል? እኛም ራሳችን ቪዲዮውን ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው። ስለዚህ እናንተን ብቻ መውቀሴ አይደለም። ጨዋታ የሚታወሰው በመጨረሻው ከሆነ እንኳ፣ መጨረሻው ከየት ይጀምራል ነው ጥያቄዬ። ከውርወራው ወይስ ከሳኩ? ሳክ ማለት ያ ያልኳችሁ ነው፣ ወርዋሪውን ኳስ ሳይለቅ መጣል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በዚያ ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች ዕድሜ አንድ ቀን ተቀምጬ ፈለግኩ። ቱዋ 19። የተቀበለው ዴቮንታ ስሚዝ 19። የተቀመጠው ኸርትስ 19። የኛው ወርዋሪ ጄክ ፍሮም 19። ልጄም 19። ሻምፒዮናውን የበላውና ያስበላው ሁሉ እኩያ ነው። ኸርትስ ከዓመት በፊት በዚሁ ሻምፒዮና ከክሌምሰን ጋር ተጫውቶ፣ ቡድኑን ወደ መሪነት አምጥቶ፣ አንድ ሰከንድ ሲቀር ነው የተሸነፈው። በዓመቱ ደግሞ እረፍት ላይ አስቀመጡት። ካሜራችሁ ያኔም አሳይቶታል፣ ዳር ላይ ቆሞ እሱን ለተካው ልጅ ሲዘል። አልደበቀም፣ አላኮረፈም። በ2025 በሱፐር ቦውል፣ በባለሙያዎቹ ትልቅ ሊግ ፍጻሜ፣ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ሲመረጥ ከወረወራቸው አንዷ ለዚያው ለዴቮንታ ስሚዝ ናት፣ 46 ያርድ። ይህን ልጅ ባየሁት ቁጥር ጠላት ነው ብዬ መጥላት ያቅተኛል። ልጄ አይስማማም።

የኛዎቹም አልጠፉም። ሶኒ ሚሼልን ውሰዱ። ወላጆቹ ከሄይቲ የመጡ ስደተኞች ናቸው። እሱና ኒክ ቸብ ከዚያ ጨዋታ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ትልቁ ሊግ መሄድ ሲችሉ "አንድ ዓመት እንቆይ፣ ዋንጫ እናምጣ" ብለው የቀሩ ናቸው። አላመጡም። ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በፌብሩዋሪ 2019 ሱፐር ቦውል አትላንታ መጣ። እዚያው ስታዲየም፣ እዚያው ሜዳ። ኒው ኢንግላንድ 13፣ ሎስ አንጀለስ 3። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ አንድ ታችዳውን፣ ኳሷን ይዞ ጎሉ መስመር ማለፍ ማለት ነው፣ ብቻ ነበረች፣ ያገባት ሶኒ ሚሼል ነው። ያን ሌሊትም ቡዝ ውስጥ ነበርኩ። ብቻዬን ጮህኩ። አዎ፣ እንደ ውሻ።

ጆርጂያም በጃንዋሪ 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ አላባማን 33 ለ 18 አሸንፎ 41 ዓመት ጥበቃው አበቃ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የቴክሳሱን ዩኒቨርሲቲ ቲሲዩን 65 ለ 7። እንደዚህ ያለ ውጤት ለፉትቦል ሳይሆን ለቅርጫት ኳስ ነው የሚመስለው። ሆኖም ኢንዲያናፖሊስ ላይ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ምን አሳያችሁን? ገምቱ።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቪዲዮዋን አጥፉ አላልኩም። ቆንጆ ውርወራ ናት፣ ሐቁን ልናገር። በ19 ዓመቱ፣ 16 ያርድ አጥቶ ከመሬት ተነስቶ፣ ቀጣዩን እንደዚያ የሚወረውር ልጅ ይደነቃል። ያ ራሱ እኮ የሚታየው ሳኩ አብሮ ሲታይ ነው! መሬት ላይ የወደቀውን ካላሳያችሁ መነሳቱን ከየት አመጣችሁት? ለአላባማም ለጆርጂያም ይጠቅማል። ከአንድ ዕድል ቀደም ብላችሁ፣ ከሳኩ ጀምሩት ነው የምላችሁ። አስር ሰከንድ አይሞላም። የመኪና ማስታወቂያችሁን አንዷን ብታሳጥሩ ይወጣል።

ካስቻላችሁም ያቺን የባንዲራዋን ቪዲዮ በዓመት አንዴ። አንዴ ብቻ። ከፈለጋችሁ እኩለ ሌሊት ላይ አድርጉት፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አያለሁ።

ፍጥነት መቀነሱንም ተዉት። ልጁ ሲሮጥ በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሮጠው።

እምቢ ካላችሁ በራሳችን መንገድ እንኖራለን። ልጄ አሁን ሥራ ይዟል፣ ቻርሎት ነው ያለው። ለገና ግን ይመጣል። በማግስቱ፣ የተረፈው ዶሮ ሲሞቅ፣ የዚያን ጨዋታ ቅጂ ይከፍታል። ከተጨማሪ ሰዓቱ ነው የሚጀምረው። መነጽራሙ ልጅ ከ51 ያርድ ይመታል። 23 ለ 20። ቱዋ ይሸሻል፣ ይሸሻል፣ ቤላሚና ሌድቤተር ይደርሱበታል። ሁላችንም እንጮኻለን። ባለቤቴ "ኧረ ጎረቤት!" ትላለች። ከዚያ ሪሞቱን አንስቶ ያጠፋዋል።

እኛ ቤት ያ ጨዋታ 23 ለ 20 ነው ያለቀው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ

ግልባጭ፦
ለዚያ ፒክአፕ ባለቤት፣ ባለበት
ለጎረቤቶቻችን፣ ከይቅርታ ጋር